ቅጠሉ ለምን ቅጠል አይመስልም? (ስለ ሳማራ የጀሶ ቅርጽ ለጠየቀው ወንድም የተሰጠ ምላሽ)

ወንድሜ ጥያቄህን ሳነብ በጣም ነው ደስ ያለኝ፣ ምክንያቱም ይሄን ነገር ብዙ ጊዜ የሚጠይቁኝ ተማሪዎች ናቸው፣ ጀሶ በእጁ አቡክቶ የሚያውቅ ሰው ሲጠይቅ ግን ነገሩ ይለያል፣ ግማሹን መልስ አንተው ታውቀዋለህ። ጥያቄውን ላላዩ ሰዎች ባጭሩ ልድገመው፦ ወንድማችን አዲስ አበባ የጂፕሰም ኮርኒስና ዲኮር ሰራተኛ ነው፣ ጀርመን ዘመድ ሊጠይቅ በሄደበት በርሊን ያለውን የእስልምና ጥበብ ሙዚየም አየ (ለእድሳት ከመዘጋቱ በፊት)፣ እዛ ከኢራቅ ከሳማራ ከተማ የመጣ ከ1,100 ዓመት በላይ የሆነው የጀሶ ግድግዳ ፊት ቆመ፣ ጽሁፉ "የእጽዋት ጌጥ" ይላል እሱ ግን ቢያይ ቢያይ አንድም ቅጠል አላገኘም። እና የጠየቀው፦ ቅጠሉ ቅጠል የማይመስለው እስልምና ስዕል ስለሚከለክል ሆን ብለው አጥፍተውት ነው ወይስ በፎርማ (ጀሶ በሚጫንበት ቅርጽ ማውጫ) ስለተሰራ ነው?

መልሴን ቀድሜ ልናገርና ከዛ ላስረዳ። ሃይማኖቱ ግድግዳው ላይ ምን እንደማይወጣ የወሰነበት ቦታ አለ፣ ቅጠሉ ምን እንደሚመስል ግን አልወሰነም። ቅጠሉን የለወጠው መሮው ነው፣ ጀሶው በየትኛው አቅጣጫ እንደተቆረጠ ማለቴ ነው። ፎርማውም ከዛ አቆራረጥ ጋር ስለተስማማ አብሮ መጣ እንጂ እሱ ብቻውን ምክንያት አይሆንም። ይሄ የኔ አቋም ነው፣ በሙያው ውስጥ በሌላ መንገድ የሚያዩት አሉ፣ ግን ለምን እንዲህ እንደምል ቀስ እያልኩ ላሳይህ።

ከእቃው ልጀምር። እኛ ጀሶ የምንለው ከጣልያንኛ ነው የመጣው፣ ጣልያንኛው ከላቲን፣ ላቲኑ ደሞ ከግሪኩ ጊፕሶስ፤ ዓረቦች ጂብስ ወይም ጂስ ይሉታል፣ ፋርሶች ገች። ድንጋዩ ግን ያው አንተ የምታውቀው ድንጋይ ነው፣ ከ120 እስከ 150 ዲግሪ አካባቢ ሲሞቅ ውስጡ የታሰረው ውሃ አብዛኛው ይወጣና ዱቄት ይሆናል፣ ያንን ዱቄት ውሃ ስትነካው መልሶ ድንጋይ ለመሆን ይሮጣል። ኖራ ብትል ወደ 900 ዲግሪ እሳት ይፈልጋል። አሁን ኢራቅን አስብ፣ ሜዳ ነው፣ ለህንጻ የሚሆን ድንጋይ እንደልብ የለም፣ ማገዶም ብርቅ ነው፣ ጀሶው ግን ከመሬት ይወጣል በትንሽ እሳትም ይቃጠላል። ስለዚህ በዛ አገር ጀሶ ቅንጦት አልነበረም፣ የጭቃ ግድግዳን ቶሎና በርካሽ ንጉስ የሚያስመስል ነገር ነበር። ከእስልምና በፊት የነበሩት የፋርስ ነገስታት ሳሳኒዶችም እኮ በዚሁ አገር በክቴሲፎንና በኪሽ ቤተ መንግስቶቻቸውን በጀሶ ቅርጽ ነው ያስጌጡት፣ እና ሙያው ዓረቦቹ ሲመጡ የተገኘ እንጂ የተፈጠረ አይደለም።

አንተ ወዲያው የምትጠይቀኝ ነገር ይታወቀኛል፣ "ጀሶ በ10 በ20 ደቂቃ ይይዛል፣ እንዴት ብለው ነው ያንን ሁሉ በእጅ የሚቀርጹት?" ፋርሶች ለዚህ ስም ሳይቀር አውጥተውለታል፣ ገች ኮሽቴ፣ "የተገደለ ጀሶ" ማለት ነው። ጀሶውን ውሃ ውስጥ ነስንሰህ ሳታቋርጥ በእጅህ ታማስለዋለህ፣ ሊይዝ ሲል ትሰብረዋለህ፣ ሊይዝ ሲል ትሰብረዋለህ፣ መጨረሻ ላይ ኃይሉ ይሞትና እንደ ቅቤ ይለሰልሳል፣ ከዛ በኋላ ቀስ ብሎ ነው የሚደርቀው። በዛ ላይ የድሮ ምድጃ እሳቱ እኩል ስለማይደርስ ገሚሱ ከመጠን በላይ የበሰለ ይሆናል፣ እሱም ራሱ መያዙን ያዘገየዋል፤ የዛሬው የፋብሪካ ጂፕሰም ለዚህ ስራ የማይመቸው ጥሩ ስለሆነ ነው ብልህ ይገርምህ ይሆናል ግን እንደዛ ነው። የታሪክ ሊቁ ኢብን ኸልዱን በ14ኛው ክፍለ ዘመን የግንባታ ሙያን ሲዘረዝር ይሄን ስራ ጠቅሶታል፣ ጀሶው ረግቶ ግን እርጥበቱ ገና ሳያልቅ በብረት መሳሪያ እንደሚቀረጽ ጽፏል። "እርጥበቱ ሳያልቅ" የምትለዋን ያዝልኝ፣ የዚህ ሙያ ሰዓት እሷ ናት።

አሁን ወደ ሳማራ። ኸሊፋ አል ሙዕተሲም ባግዳድ ላይ ተቸገረ፣ ከመካከለኛው እስያ ያመጣቸው የቱርክ ወታደሮቹ ከከተማው ህዝብ ጋር አልተስማሙም፣ ስለዚህ በ836 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ከባግዳድ ወደ 125 ኪሎ ሜትር ሰሜን ሄዶ በጤግሮስ ወንዝ ዳር አዲስ ዋና ከተማ ቆረቆረ። የአባሲዶች (የኸሊፋው ስርወ መንግስት) ዋና ከተማነቱ እስከ 892 ነው የቆየው፣ 56 ዓመት ብቻ፣ የአንድ ሰው እድሜ እንኳ አይሞላም። በዛች አጭር ጊዜ ግን ከተማው ወንዙን ተከትሎ ወደ 40 ኪሎ ሜትር ተዘረጋ፣ ቤተ መንግስት ላይ ቤተ መንግስት፣ የጦር ሰፈር፣ የፈረስ መወዳደሪያ፣ ያ በፎቶ የምታውቁት እንደ ጠመዝማዛ ቀንድ የሚወጣ 52 ሜትር ሚናራ ያለው ትልቁ መስጊድ (ከ848 እስከ 852 ነው የተሰራው)። ይሄ ሁሉ አብዛኛው ከጭቃ ጡብና ከተደቀደቀ አፈር ነው፣ ላዩ በጀሶ ይለበጣል፣ በተለይ የክፍሎቹ ግድግዳ ከወለል እስከ 1 ሜትር ገደማ ከፍታ ማለትም ምንጣፍ ላይ ለተቀመጠ ሰው ትከሻና ራሱ እስከሚደርስበት፣ በቅርጽ ይሞላል። እስቲ አስበው፣ ስንት ሺ ሜትር ግድግዳ፣ በስንት ዓመት፣ እና ደሞ ኸሊፋው እየጠበቀ።

ጀርመኖቹ ኤርንስት ሄርዝፌልድና ፍሪድሪክ ዛሬ ከ1911 እስከ 1913 ቆፍረው ነው ይሄን ያወጡት፣ በርሊን ያየኸውም ከዛ የመጣ ነው። ሄርዝፌልድ ቅርጹን በሶስት አይነት ከፈለው፣ በኋላ የመጣው እንግሊዛዊ የህንጻ ታሪክ አጥኚ ክሬስዌል ደሞ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሶስተኛ የሚለውን ቅደም ተከተል ገለበጠው፣ ስለዚህ መጽሐፍ ስታነብ አንዱ አንደኛ የሚለውን ሌላው ሶስተኛ ሲለው እንዳትደናገጥ። እኔ የመጻሕፍቱን ቁጥር ትቼ በሚታየው ነገር ተራ አስይዣቸዋለሁ።

አንደኛው ጥልቅ የተፈለፈለው ነው። የወይን ሐረግ ነው፣ ማንም ያውቀዋል፣ አምስት ጣት ያለው ቅጠል፣ በጣቶቹ መሀል እንደ ዓይን የተበሱ ቀዳዳዎች አሉት፣ ግንዱ ይታያል ይጠማዘዛል ዘለላውም አለ። መሮው ቀጥ ብሎ ወደ ታች ገብቷል፣ ከቅጠሉ ጀርባ ያለው መደብ ጨለማ ነው፣ ቅጠሉ ከጥላ ላይ የተንሳፈፈ ይመስላል። ይሄ ከሶርያና ከፋርስ የመጣ የቆየ ልማድ ነው፣ ከሱ በፊት ከ100 ዓመት በላይ ወደ ኋላ ብትሄድ እንኳ ዘመዶቹን ታገኛለህ።

ሁለተኛው ላይ ነገሩ መጥበብ ይጀምራል። ቅጠሎቹ ክብ ክብ ይላሉ፣ ግንዳቸው ይጠፋል ወይም ለስሙ ይቀራል፣ እርስ በርስ ይጠጋጋሉ፣ በመሀላቸው የቀረው መደብ እንደ ቀጭን ቦይ ብቻ ነው፣ የቅጠሉ ፊት ደሞ በመርፌ እንደተወጋ በጥቃቅን ነጠብጣብ ይሞላል። ሲያዩት ጥልፍ ነው የሚመስለው።

ሶስተኛው አንተን ያስቸገረህ ነው። እዛ ላይ መደብ የሚባል ነገር የለም፣ አለቀ። መሮው ቀጥ ብሎ አልገባም፣ ሰያፍ ነው የገባው፣ ከግራም ከቀኝም አጋድሎ መጥቶ ታች ላይ አንድ መስመር ላይ ይገናኛል፣ ልክ እንደ V ማለት ነው፣ ከዛ ጠርዙ ይለሰልሳል። ስለዚህ አንዱ ቅጠል የሚያልቅበት መስመር ሌላው የሚጀምርበት መስመር ነው፣ የአንዱ ወገብ የሌላው ትከሻ ነው፣ "ይሄ ቅጠል ነው ይሄ ደሞ ባዶ ቦታ ነው" ብለህ መለየት አትችልም። ጠርሙስ የመሰለ ታያለህ፣ ኩላሊት የመሰለ ታያለህ፣ ጠመዝማዛ ታያለህ፣ ሶስት ጣት ያለው እምቡጥ የመሰለ ታያለህ፣ ግን ዓይንህ አንዱን ሲይዝ ሌላው ያመልጣል። ግማሽ ቅጠልና ግማሽ ቅጠል ጀርባ ለጀርባ ተጋጥመው ነው ጠርሙሱን የሰሩት፣ እሱን አንዴ ካየህ በኋላ ግን ቅጠሉን ከዚያ ግድግዳ ማጥፋት አትችልም፣ ሁሌም ይታይሃል። እና ቅጠሉ አልጠፋም ወንድሜ፣ ጀርባው ነው የጠፋው። ማንም ቅጠል ቅጠል የሚመስለን ከጀርባው ቅጠል ያልሆነ ነገር ስላለ ነው፣ ሰማይ ወይ ግድግዳ ወይ ጥላ፣ እሱን ስትወስድበት ዓይን የሚይዘው ነገር ያጣል።

ይሄን ሳስተምር ሁሌ የሚረዳኝ የራሳችን ቃል አለ። በብራና መጻሕፍት ራስጌ ላይ በቀለም የሚሳለውን የተጠላለፈ ጌጥ አባቶቻችን ሐረግ ነው ያሉት፣ የሚጠመዘዘው ተክልም ሐረግ ነው። አንዱ ከአንዱ ተቀዳ እያልኩ አይደለም፣ የስሙ ብልሃት ነው የገረመኝ፣ ዓረቦቹም ይሄን ጌጥ ተውሪቅ ነው ያሉት፣ ማቅጠል ቅጠል ማውጣት እንደማለት፣ ስፔኖች ከነሱ ወስደው አታውሪኬ አሉት። ሁለቱም ጋ ስሙ የሚናገረው ስለ አንድ የታወቀ ተክል ሳይሆን ስለ ማደግ፣ ስለ መቀጠል፣ ስለ መጠላለፍ ነው። አረቤስክ የሚለው ስም አውሮፓውያን ከውጭ ሆነው የሰጡት ነው፣ "የዓረብ ነገር" ከማለት ያለፈ ስለ ስራው ምንም አይነግርህም፣ እኔ በበኩሌ አልወደውም።

ወደ ፎርማው ልምጣ፣ እዚህ ላይ ግምትህ ጥሩ ነበር። ቀጥ ብሎ የተቆረጠ ወይም ወደ ውስጥ የተቦረቦረ ቅርጽ ላይ ፎርማ ብታሳርፍ ይነክስሃል፣ ሲወጣ ጠርዙን ይዞ ይወጣል፣ ይሄን ኮርኒስ ላይ በየቀኑ የምታየው ነው። ሰያፍ ቅርጽ ግን ፎርማውን ይለቀዋል፣ ምንም የሚይዘው ነገር የለም። ንድፉም ቢሆን ተደጋጋሚ ነው፣ ጎን ለጎን ብታስቀምጠው ማለቂያ የለውም፣ የክፍሉ ጥግ ላይ ስትደርስ ትቆርጠዋለህ እንጂ ንድፉ ራሱ አያልቅም። ስለዚህ በሳማራ ብዙ ቦታ በፎርማ ተጭኖ እንደተሰራና በእጅ እንደተጠረገ ነው የሚታመነው፣ ለዛ ሁሉ ግድግዳም የግድ ይመስለኛል። ግን ፎርማው ምክንያት ቢሆን ኖሮ ይሄ አቆራረጥ ጀሶ ላይ ብቻ ይቀር ነበር። አልቀረም! ከሳማራ በላይ ከቲክሪት የተገኙ የእንጨት በሮች ላይ ያው ሰያፍ አቆራረጥ አለ፣ እንጨት ደሞ በፎርማ አይወጣም፣ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ በመሮ ነው የቀረጸው። ሰራተኛው ፎርማ ሳያስገድደው ወዶ ነው ያደረገው ማለት ነው። መነሻው ከቱርኮቹ ጋር ከእስያ ሜዳ የመጣ የእንጨት ቀረጻ ነው የሚሉ አሉ፣ ይሆናል፣ ግን ሶስቱም አይነቶች ሳማራ ውስጥ በአንድ ዘመን ጎን ለጎን፣ እንዲያውም በአንድ ቤት ውስጥ ስለሚገኙ፣ እኔ የማየው አንድ አውደ ስራ ውስጥ አንድ ቅጠል ቀስ በቀስ መደቡን ሲበላ ነው። መጀመሪያ ጥልቅ ጥላ፣ ቀጥሎ ቀጭን ቦይ፣ ቀጥሎ ምንም።

እሺ ሃይማኖቱስ? ይሄን በጥንቃቄ ልናገር፣ ብዙ ሰው "እስልምና ስዕል ስለከለከለ ቅጠል ብቻ ሰሩ፣ ቅጠሉንም አጠፉት" ብሎ በአንድ አረፍተ ነገር ይጨርሰዋል። መጀመሪያ ነገር ቁርኣን ውስጥ በግልጽ የተወገዘው ጣዖት ማምለክ ነው፣ ነፍስ ያለውን ስለመሳል የሚነገረው አብዛኛው ከሐዲስ (ከነቢዩ ንግግርና ስራ ዘገባዎች) ነው። እዛ ውስጥ ደሞ እኛን የሚነካ አንድ ታሪክ አለ፣ በኋላ የነቢዩ ሚስቶች የሆኑት ኡሙ ሰለማና ኡሙ ሀቢባ ወደ ሐበሻ ተሰደው በነበረ ጊዜ ያዩትን ማርያ የምትባል ቤተክርስቲያንና በውስጧ የነበሩትን ስዕሎች ለነቢዩ ሙሐመድ ሲነግሯቸው፣ የነቢዩ መልስ በጻድቅ ሰው መቃብር ላይ የጸሎት ቤት መስራትንና እዛ ስዕል ማድረግን የሚነቅፍ ነበር። ስጋቱ አምልኮ ላይ እንደሆነ ልብ በል። ሌላም አለ፣ አንድ ኑሮው በስዕል የሆነ ሰው ወደ ነቢዩ የአጎት ልጅ ወደ ኢብን አባስ መጥቶ ሲጠይቅ፣ የግድ ካልክ ዛፍንና ነፍስ የሌለውን ሳል ነው ያሉት።

እዚህ ላይ ቆም በልና አስብበት። ዛፍ በግልጽ ከተፈቀደ፣ ቅጠሉን ቅጠል እንዳይመስል የሚያስገድደው ማነው? ማንም። ሰራተኛው ከፈለገ ከነደም ስሩ ከነአበባው አስመስሎ መቅረጽ ይችል ነበር፣ ያደረጉም አሉ። የደማስቆ ትልቁ መስጊድ ሞዛይክ ላይ (በ715 ነው ያለቀው) ሰውና እንስሳ የለም፣ ዛፉ ግን ዛፍ ነው፣ ጥላ ሁሉ አለው። በኋላ ዘመን የኦቶማን ሸክላ ላይ ቱሊፑ ቱሊፕ ነው፣ በታጅ ማሃል እብነ በረድ ላይ አበባው የሚቀጠፍ ይመስላል። ሁሉንም ያሰሯቸው ሙስሊም ገዢዎች ናቸው።

ክልከላው የት እንደሰራ በደንብ የሚያሳይ አንድ ግድግዳ አለ፣ እሱም በርሊን ነው ያለው፣ ሳማራውን ካየህበት ብዙም ሳትርቅ አልፈኸው ሊሆን ይችላል። ምሻታ ይባላል፣ ከዮርዳኖስ በረሃ የመጣ የኡመያዎች (ከአባሲዶች በፊት የገዙት) ቤተ መንግስት ፊት ነው፣ ወደ 743 ገደማ የተሰራ፣ የኦቶማኑ ሱልጣን አብዱልሐሚድ ለጀርመኑ ካይዘር በስጦታ ሰጥቶት በ1903 በርሊን ገባ። ጀሶ ሳይሆን የኖራ ድንጋይ ነው ግን ጉዳያችን አንድ ነው። ከበሩ በስተግራ ያለው የወይን ሐረግ ውስጥ አንበሳ አለ፣ ወፍ አለ፣ ከአንድ ጽዋ የሚጠጡ አውሬዎች አሉ። ከበሩ በስተቀኝ ያው ሐረግ ይቀጥላል፣ አንድም እንስሳ የለበትም። ለምን ቢባል ከጀርባው መስጊዱ ስላለ ነው ተብሎ ነው የሚታመነው። ያው ዘመን፣ ያው ግድግዳ፣ ምናልባትም ያው ሰራተኞች፣ መስጊዱ ጋ ሲደርሱ ወፉን አስቀሩ ሐረጉን ግን አልነኩትም፣ ቅጠሉ በሁለቱም በኩል አንድ አይነት ቅጠል ነው! እኔ ለዚህ ጥያቄ ከዚህ ግድግዳ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም።

ሳማራ ራሷም ብትሆን፣ በኸሊፋው ቤተ መንግስት ውስጥ የሴት ዘፋኞች ስዕል በቀለም ተገኝቷል፣ ሁለት ጨፋሪዎች እየተጠማዘዙ ከጠርሙስ ሲቀዱ። ከነሱ በፊት ኢያሪኮ አጠገብ ኺርበት አል መፍጀር የሚባለው የኡመያ ቤተ መንግስት በጀሶ የተሰሩ ሰዎች፣ ሴቶች ሳይቀሩ፣ በቁመናቸው ነው የተገኙበት፣ ከነሱ በኋላ ደሞ በሴልጁቆች (ፋርስን የገዛ የቱርክ ስርወ መንግስት) ዘመን ፋርስ ውስጥ ቁመቱ ሰው የሚያክል የጀሶ ልዑል ቀርጸዋል። ቤተ መንግስት ሌላ መስጊድ ሌላ ነው። አንተ ያየኸው ሰያፍ ቅርጽ ግን መኖሪያ ቤት ውስጥም፣ ቤተ መንግስትም ውስጥ፣ ሰው መሳል በማይከብድበት ቦታ ነው ያለው፣ ስለዚህ ከፍርሃት የመጣ ነው ማለት አልችልም። ሰዎቹ ወደውት ነው።

ምን ያህል እንደወደዱት የሚታየው ደሞ ሲጓዝ ነው። አህመድ ኢብን ጡሉን ሳማራ ያደገ የቱርክ መኮንን ነበር፣ በ868 ግብጽን እንዲገዛ ተላከ፣ ከዛ ካይሮ ላይ ከ876 እስከ 879 ያንን ትልቅ መስጊድ ሲያሰራ ያደገበትን ከተማ ነው ናይል ዳር የደገመው፣ ጡቡ፣ ጠመዝማዛ ሚናራ ማሰቡ፣ ጀሶው ሳይቀር። ግብጽ እኮ ድንጋይ ሞልቷታል፣ ለድንጋይ ምሰሶ የሚሆን ከጥንት ህንጻ የሚነቀልም አልጠፋም፣ እሱ ግን ጡብና ጀሶ አለ። የቅስቶቹ ውስጠኛ ሆድ እያንዳንዱ ሌላ ሌላ ንድፍ ነው፣ በእጅ የተቀረጸ፣ በበሮቹ ላይ ያለው እንጨት ደሞ ያው ሰያፍ አቆራረጥ ነው። ካይሮ ያላችሁ ወይም በዛ የምታልፉ ካላችሁ እባካችሁ ግቡና ቀና ብላችሁ እዩ፣ ሰው ሁሉ ሚናራው ላይ ወጥቶ ፎቶ አንስቶ ነው የሚሄደው።

አንድ ቦታ ግን አለ እኔን ሁሌም የሚገርመኝ። በስንክሳር ገዳመ አስቄጥስ ብለን የምናውቀው፣ ግብጽ ውስጥ ዋዲ ናጥሩን፣ የኛም መነኮሳት በመካከለኛው ዘመን የኖሩበት በረሃ ማለቴ ነው፣ እዛ የሶርያውያን ገዳም የሚባል አለ። የእመቤታችን ቤተክርስቲያን መቅደሱ ውስጥ ግድግዳው ከ10ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የሆነ የጀሶ ቅርጽ አለበት፣ አንድ ሰው ዓይንህን ሸፍኖ ወስዶ ቢያሳይህ ሳማራ ነህ ነው የምትለው። ገዳሙ ከቲክሪት ክርስቲያኖች ጋር የጠበቀ ግንኙነት ነበረው፣ ቲክሪት የሳማራ ጎረቤት ናት፣ የዛን ጊዜው አበምኔት ሙሴ ዘንጽቢንም በ927 ስለ መነኮሳቱ ግብር ጉዳይ ባግዳድ ድረስ ሄዶ በ932 ወደ 250 የሶርያ መጻሕፍት ይዞ ተመልሷል። ስዕል የማይከለክል ቤተክርስቲያን ውስጥ፣ ለዛውም መንበሩ ዙሪያ፣ ይሄ ቅርጽ ከተሰራ "የእስልምና ክልከላ ውጤት ነው" የሚለው ነገር እዛ በር ላይ ይቀራል።

ከሳማራ በኋላ ቅጠሉ ምን ሆነ ብትለኝ አንድ መንገድ ብቻ አልሄደም። ባልኽ አፍጋኒስታን ውስጥ ዘጠኝ ጉልላት የነበረው መስጊድ ምሰሶዎቹ በወይን ቅጠል በጀሶ ተጠቅልለው ቆመዋል፣ ፋርስ ናዪን ያለው የ10ኛው ክፍለ ዘመን መስጊድም ዘለላው ሳይቀር ይለያል። ኢስፋሃን የጁምዓ መስጊድ ውስጥ በ1310 ለሞንጎሉ ገዢ ኦልጀይቱ የተሰራው ሚህራብ (የጸሎት አቅጣጫ የሚያሳይ የግድግዳ ጎድጓዳ) ደሞ ሙያው የት ድረስ እንደሚሄድ ያሳየሃል፣ ሐይደር የሚባል ባለሙያ ስሙን ፈርሞበታል፣ ሐረግ ላይ ሐረግ፣ በሐረጉ ላይ ጽሁፍ፣ በትልቁ ጽሁፍ ጀርባ ሌላ ትንሽ ጽሁፍ፣ የቅጠሉ ፊት ላይ ራሱ ሌላ ጥቃቅን ቅርጽ፣ ሁሉም ከአንድ ጀሶ። ሳማራ መደቡን ስታጠፋ ኢስፋሃን መደቡን ሶስት አራት ደረጃ አደረገችው። እነዚህን ጎን ለጎን ሳይ ሰያፉ የድህነት ወይ የድካም ስራ እንዳልሆነ ይበልጥ ይገባኛል፣ ሁለት የተለያየ ሃሳብ ነው።

ምዕራብ ላይ ግራናዳ አልሃምብራ አለ፣ እሱን ሁሉም ያውቀዋል፣ በ14ኛው ክፍለ ዘመን በመሐመድ አምስተኛ ዘመን ግድግዳው በብዛት በጀሶ ተሸፈነ፣ ተደጋጋሚው በፎርማ፣ ሌላው በእጅ፣ ላዩ ደሞ በሰማያዊ በቀይና በወርቅ ተቀብቶ ነበር፤ ዛሬ ነጭ ወይ ቡኒ ሆኖ የሚታየን ቀለሙ ስለረገፈ ነው፣ እና ይሄን ኮርኒስ ላይ ለምትሰሩ ሁሉ እላለሁ፣ "ክላሲክ ነጭ" የሚባለው ነገር የጊዜ ስራ ነው። እዛው ስፔን ቶሌዶ ውስጥ ሳሙኤል ሃሌቪ የሚባል የካስቲያ ንጉስ ገንዘብ ያዥ በ1350ዎቹ ያሰራው ምኩራብ በዚሁ ጀሶ በዚሁ ሐረግ ነው ያጌጠው፣ በሐረጉ መሀል ግን የዕብራይስጥ ጽሁፍ ነው የሚሄደው። በቶሌዶ ጀሶ ላይ ደሞ ከጎረቤት ካቴድራሎች የተወሰደ፣ አንተ አይተህ ወዲያው "ይሄማ ወይን ነው" የምትለው ቅጠል ይገኛል። ያው ጀሶ፣ ያው መሮ፣ አስመስለህ ቅረጽ የሚል ደንበኛ ሲመጣ አስመስለው ቀረጹ።

እና አንድ ነገር እንድትሞክር ልለምንህ፣ ከማንበብ ይሻላል። 30 በ30 የሆነ ሁለት ሰሌዳ 3 ሴንቲ ውፍረት ላይ ጀሶ አፍስስ፣ በደንብ የገደልከው ጀሶ ይሁን፣ ሁለቱም ላይ አንድ አይነት የወይን ቅጠል በእርሳስ ሳል፣ ቅጠሎቹ እንዲነካኩ አድርገህ። ገና እርጥብ እያለ አንዱን መሮህን ቀጥ አድርገህ ፈልፍለው፣ ሌላውን 45 ዲግሪ አጋድለህ ከሁለት በኩል ቁረጠው፣ ጠርዙን በጣትህ አለስልሰው። ከዛ ሁለቱንም ግድግዳ ስር ወለል ላይ አቁማቸው፣ የጣራውን መብራት አጥፋና በሩን ብቻ ክፈት፣ የሳማራ ክፍሎች ብርሃን የሚያገኙት ከግቢው በኩል በጎን ነበርና። ሙዚየም ውስጥ መብራቱ ብዙ ጊዜ ከፊት ወይ ከላይ ስለሚመጣ ሰያፉ ይሞታል፣ አንተንም ያሳሳተህ ከፊሉ እሱ ይመስለኛል። ቀጥ ያለው ላይ ጥቁርና ነጭ ታያለህ። ሰያፉ ላይ ግን ጥቁር የሚባል የለም፣ ከነጭ ወደ ግራጫ እየቀለጠ የሚሄድ ብቻ ነው፣ በሩን ትንሽ ገፋ ስታደርገው ቅጠሉ የነበረው ጠርሙስ ይሆናል፣ ጠርሙሱ ተመልሶ ቅጠል ይሆናል። ምንጣፍ ላይ እንደሚቀመጥ ሰው ዝቅ ብለህ እየው እንጂ ቆመህ አትየው።